ሠላሳ ስምንቱ የቦይ ክዳኖች

ኮሪደሩ ላይ የብስክሌቱ ቃጭል ሁለት ጊዜ ጮኸ። መሀንዲሷ ፊቷን እየታጠበች ነበር፤ ሳሙናው ከእጇ አምልጦ መታጠቢያው ውስጥ ወደቀ። አባቷ በየማለዳው እንዲህ ነው። ከመውጣቱ በፊት ቃጭሉን ይሞክራል፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ይጫናል፣ ፍሬኑን ጨበጥ ለቀቅ ያደርጋል። ሠላሳ ሁለት ዓመት የከተማ አውቶብስ የነዳ ሰው ስለሆነ ሳይፈትሽ የትም አይሄድም። እሷን ግን የሚያስፈራት ብስክሌቱ አልነበረም። የሚያስፈራት መንገዱ ነው፤ መንገዱን ደግሞ የነደፈችው ራሷ ናት።

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀርብህስ?» አለች ፎጣውን ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ብቅ ብላ። «ሰማዩን አላየኸውም? ሊዘንብ ነው።»

«ትናንትም ሊዘንብ ነው ብለሽ ነበር።»

«ጉልበትህስ?»

«ጉልበቴማ ደህና ነበር፤ አንቺ ስሙን መጥራት ከጀመርሽ ወዲህ ነው የሚያመኝ።» ሳቀና ሄልሜቱን ራሱ ላይ ደፋ። «ሚጣ፣ የገዛ ልጄ ባሰመረችው መንገድ ካልሄድኩ በማን ልሂድ?»

አርባ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ለእሱ ግን ዛሬም ሚጣ ናት። በሩ ተዘጋ። ብስክሌቱን ተሸክሞ ደረጃውን ሲወርድ ሰማችው፤ ከዚያ የግቢው በር ሲንቋረር፣ ከዚያ ምንም። እስከ መጀመሪያው ክዳን አራት ደቂቃ ይፈጅበታል። እዚያው ቆማ አራቱን ደቂቃ ጠበቀች። ስልኩ አልጮኸም። እሺ፣ አንዱን አልፏል ማለት ነው አለች በሆዷ፤ ሠላሳ ሰባት ይቀራል።

ነገሩ ከሥሩ መነገር አለበት፤ አለዚያ ሴትዮዋ ቅዠታም ትመስላለች። ከተማውን መኪና አንቆት ነበር። መሀንዲሷ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ብስክሌት እንዲነዳ የሚያበረታታ ፖሊሲ ይውጣ እያለች ከቢሮ ቢሮ ተንከራታለች። ስብሰባ ላይ የሳቁባት ብዙ ናቸው። «ብስክሌት የልጅ መጫወቻ ነው፣ እኛ ትልልቅ ሰዎች ነን» ብሎ ያላገጠባትም ነበር። ጠብ ሲል ስደፍን ብላ፣ በመጨረሻ ጸደቀላት። በብስክሌት የሚመጣ ሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ቢያረፍድ እንዳይጠየቅ፣ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ማቆሚያ እንዲሠሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከአውቶብስ መናኸሪያው ተነስቶ ቁልቁል እስከ ፖስታ ቤቱ በአረንጓዴ ቀለም የተቀባ የብስክሌት መስመር እንዲሰመር ተወሰነ። ፖሊሲው አንድ ጥብቅ አንቀጽ ነበረው። መስመሩ ከአንድ ሜትር ተኩል ከጠበበ አይፈቀድም ይላል። ያንን አንቀጽ የጻፈችው እሷ ናት።

መንገዱ ሲለካ ለብስክሌት የተረፈው አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ። የቢሮው ልማድ ጣልቃ የገባው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቢሮ የመንገድ ስፋት ሲለካ ጠርዝ ላይ ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ክዳንም አብሮ ይቆጠራል። ሁሉም እንዲያ ነው የሚለካው፤ ማን እንደጀመረውም የሚያስታውስ የለም። ክዳኑ የብረት ፍርግርግ ነው። ዘንጎቹ የተኙት መንገዱን ተከትለው በቁመት ነው፤ እንዲያ ሲሆን ውሃው ቶሎ ይገባል ይላሉ። መኪና ረግጦት ያልፋል፤ ማንም ተጎድቶበት አያውቅም። ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንደሚባለው፣ መሀንዲሷ እጇ እንደለመደው የክዳኑን ሠላሳ ሳንቲሜትር ደመረች፣ አንድ ሜትር ተኩል ሞላላት፣ ፈረመች።

ቀለሙ በደረቀ ማግስት ሥራዋን ልታይ በእግሯ ወጣች። ደስታው አላስችል ብሏት ነበር። ጃንጥላዋን እንደ ከዘራ እየተመረኮዘች ስትሄድ የጃንጥላው ጫፍ ፍርግርጉ ውስጥ ገብቶ ተቀረቀረ። ጎትታ አወጣችው፣ ጥቂት ተራመደችና ተመለሰች። ጎንበስ ብላ በዘንጎቹ መሃል ያለውን ክፍተት በጣቷ ለካችው። ሦስት ጣት ነበር። የብስክሌት ጎማ ሁለት ጣት ነው። የፊት ጎማ እዚያ ውስጥ ቢገባ ይቀረቀራል፣ ነጂውም በመሪው ላይ አልፎ በግንባሩ ይደፋል፤ በግራው በኩል ደግሞ አውቶብስ አለ። ወደ ፖስታ ቤቱ እየወረደች አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ ሠላሳ ስምንት ናቸው።

ያኔውኑ ወደ ሀላፊዋ ሄደች። ሀላፊዋ ክፉ ሰው አይደለም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የምትለውን ተረት በቀን አሥር ጊዜ ስለሚተርታት ሠራተኛው ከጀርባው እንቁላል ይለዋል።

«ክዳኖቹ መቀየር አለባቸው» አለችው። «ዘንጎቹ አግድም መሆን ነበረባቸው። ጎማ ይይዛሉ።»

«ይቀየራሉ። ከምረቃው በኋላ።»

«ከዚያ በፊት ሰው ቢወድቅስ?»

እንቁላል ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ስሚኝ እህቴ። ይህን መንገድ ዛሬ ብንዘጋው እነዚያ ሲያሾፉብሽ የነበሩት ምን የሚሉ ይመስልሻል? ብለን ነበር ነው የሚሉት። ፖሊሲሽን ቀብረው ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ሌላ የብስክሌት መንገድ እኔም አንቺም በዕድሜያችን አናይም። ለጊዜው ሰዉ ወደ ግራ ጠጋ ብሎ እንዲነዳ እንነግራለን። ቀስ በቀስ ነው።» ንድፉን ገለጠና ታችኛው ጥግ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ደግሞስ ይህች የማን ፊርማ ናት?»

ፊርማዋን አየችው፤ ጅራቷ ረዘም ያለች፣ ስትፈርማት ኩራት ኩራት ብሏት የነበረች ፊርማ። ፍርድ ቤት ታያት። ስሟ በሬዲዮ ሲነበብ ታያት። ንድፉን ጠቅልላ ወጣች።

በሦስተኛው ቀን አባቷ አሮጌ ብስክሌት እየገፋ ቤት መጣ። «ጡረተኛ ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከሚቆጥር ፖሊሲ ያክብር» አለ፣ እየሳቀ። ያን ዕለት ያደረባት ፍርሃት ከዚያ በኋላ ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

ለምን እውነቱን አልነገረችውም? ይህን እሷም ራሷን ስትጠይቅ ነው የከረመችው። ጠርዙን አትጠጋ ብትለው ለምን ይላታል። አባቷ ለምን ካለ ደግሞ መዋሸት አትችልም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አልሆነላትም። ስለዚህ ስለ ዝናብ ታወራለች፣ ስለ ጉልበቱ ታወራለች፣ ከዚያ በሩ ይዘጋና ደቂቃ ትቆጥራለች።

ይባስ ብሎ ምልክቶች ታዩ። መንገዱን አንዴ ለመውረድ አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ እሱ ግን ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመለሰው። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ጭቃ ይዞ ይመጣል። ጣቶቹ ይጫጫራሉ። አንድ ቀን አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሎ ገባ።

«ምን ነካህ?» አለችው።

«ሰንሰለቱ ነው።»

«ወድቀህ ነው አይደል? አባዬ፣ እውነቱን ንገረኝ።»

«ብወድቅ ኖሮ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ፍሬኖ ወደቀ ተብሎ ዝም የሚባል ይመስልሻል?» ፍሬኖ ተሳፋሪዎቹ ያወጡለት ስም ነው። ድመት ካየ ከሩቅ ፍሬን ይይዝ ስለነበር፣ የቸኮለ ሁሉ ሲረግመው፣ ያልቸኮለ ሲመርቀው ኖሯል።

አላመነችውም። በማግስቱ ደረጃው ላይ የታችኛው ቤት ጎረቤት አስቆማት። «አባትሽ ፒንሳዬን መቼ ነው የሚመልሱልኝ? ለአንድ ቀን ብለው ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው እኮ» አለ። እንግዲህ እየወደቀ ብስክሌቱን እያጣመመ ነው፣ በፒንሳ እያቃና ነው የሚመጣው ብላ ደመደመች። ቢሮ ገብታ ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የአምቡላንስ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጆሮዋ ወደ የት እንደሚሄድ ይከተላል። ወደ ፖስታ ቤቱ ከሆነ እስክሪብቶዋ ይቆማል።

ምረቃው ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጠዋት በአራት ሰዓት የቢሮው ሠራተኞች በሙሉ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው መንገዱን በብስክሌት እየወረዱ እንዲለማመዱ ተባለ። ከፊት የሚመራው እንቁላል ነው። መሀንዲሷ እግሬን አሞኛል ብላ ቀረች። አብራ ላለመውረዷ ራሷን ናቀች፤ ግን ቀረች። ባዶው ቢሮ ውስጥ ንድፉን ዘርግታ ከፊቷ እንዳስቀመጠች፣ ለአራት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲሆን ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«አንቺ ሚጣ ነሽ?» አለች አንዲት ሴት። «እዚህ ከፖስታ ቤቱ በላይ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ሰውዬ አሉ፣ ስልካቸው ላይ እንዲያ ይላል። ሞተር ገጭቷቸው…»

የቀረውን አልሰማችም። ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ወልቆ መለሰችው፤ እንደገና ሲወልቅ በእጇ ይዛው ሮጠች። ሞተር አይደለም፣ ክዳኑ ነው፣ ክዳኑ ነው፣ እኔ ነኝ እያለች ነበር፤ ጮክ ብላ እያወራች መሆኑን ያወቀችው ሰዎች ዘወር ብለው ሲያዩዋት ነው። ከቢሮው እስከ ቁልቁለቱ ያለው መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞባት አያውቅም።

መጀመሪያ ያየችው ብስክሌቱን ነው። ምሰሶ ተደግፎ ቆሟል። ጎማው ደህና ነው፣ መሪው ቀጥ ብሏል፣ ጭረት እንኳ የለበትም። አልገባትም። ከዚያ አባቷን አየችው። ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እጁን በግራው ደግፏል፤ የእጁ አንጓ አብጦ ጠቁሯል። ስልክ የደወለችው ጋዜጣ ሻጭ ጃኬቷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለታለች።

«አትጩሂ» አለ አባቷ ሳትጮኽ። «እጄ ናት እንጂ አንገቴ አይደለም።»

«ሞተረኛው በዚህ በአረንጓዴው ውስጥ እየበረረ መጥቶ ነው» አለች ጋዜጣ ሻጯ። «እሳቸው ተንበርክከው ሲሠሩ እጃቸውን ረግጦት ሄደ። ዞር ብሎ እንኳ አላየም፣ ይይለት! አባትሽ ናቸው? እኔኮ የመንገድ ሥራ ሰው መስለውኝ ነበር። ከላይ ጀምረው በየቀኑ አንድም ሁለትም እየጨረሱ ነው እዚህ የደረሱት። ሽቦውን ሲያጠላልፉት ስፌት የሚሰፉ ነው የሚመስሉት።»

መሀንዲሷ ወደ ክዳኑ ጎንበስ አለች። የፍርግርጉ ዘንጎች ላይ ጥቁር ሽቦ አግድም ታስሯል፤ በየአራት ጣቱ አንድ፣ ድርብ ሆኖ ተጠምዞ፣ ጫፉ ጎማ እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ። ግማሹ ድረስ ነው የደረሰው። አጠገቡ በልክ በልክ የተቆረጠ ሽቦ የያዘ የፕላስቲክ ከረጢትና የጎረቤቱ ፒንሳ ወድቀዋል። ቀና ብላ ወደ ዳገቱ አየች። ከዚያ በላይ ያለው ክዳን ተሠርቷል። ከዚያም በላይ ያለው። ጭቃ የያዘው ሱሪ፣ የተጫጫሩት ጣቶች፣ ሁለቱ ሰዓት፣ ሁሉም በአንዴ ተገለጡላት።

«መጀመሪያ ቀን ነው ያየሁት» አለ አባቷ፣ እንደማፈር ብሎ። «ሁለተኛው ክዳን ላይ ጎማዬ ሊገባ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስረግጣቸው ዘንጎቹ ወዴት እንደተኙ አንድ ቀን አላስተዋልኩም። መኪና የለመደ ዓይን አያየውም። አንቺም በዚሁ ነው ያመለጠሽ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? አራት ዓመት የደከምሽበትን ነገር ላበላሽብሽ? በሽቦና በፒንሳ ለሚቃና ነገር? ከምረቃው በፊት ጨርሼ ቆይቼ በቀልድ እነግራታለሁ ብዬ ነው። የሰው ዓይን ይስታል፣ ሚጣ። አንቺ ብታውቂማ ኖሮ አንድ ቀን እንደማታድሪበት አውቃለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። አባቷ በእንብርክክ የሄደው እሷን ከሐሜት ለማዳን ነበር፤ እሷ ደግሞ እያወቀች ስለ ዝናብ ታወራው ነበር። ዝም ብትል ግን ያልፋል። እሱ አላወቀችም ብሎ አምኗል፤ እንቁላል እንደሆነ አይናገር። ይህን አሰበችው፤ አላሰበችውም ብንል ውሸት ነው። ከዚያ ወደ ታች አየች። ከእግሯ ሥር ካለው ጀምሮ እስከ ፖስታ ቤቱ ዘጠኝ ክዳኖች አፋቸውን እንደከፈቱ ናቸው፤ ቁልቁለቱ የሚብሰው፣ ብስክሌት የሚበረው ደግሞ እዚያ ነው።

«አውቅ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ቀለሙ ከደረቀ ማግስት ጀምሮ አውቅ ነበር፣ አባዬ።»

ቀና ብሎ አያት። «ሦስት ሳምንት?»

«ሦስት ሳምንት።»

ፊቱን አዞረ። ሲናገር ድምፁ ለማያውቀው ተሳፋሪ የሚናገርበት ነበር። «እንግዲያው ኢንጂነር» አለ፣ «ዘጠኝ ቀርተዋል።»

በተመረቀች ቀን እንኳ ኢንጂነር ብሏት አያውቅም። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ከዳገቱ ላይ ቃጭል ተሰማ፤ አንድ፣ ከዚያ ብዙ። ልምምዱ። ሰዓቷን አላየችም፤ ማየት አላስፈለጋትም። ቢጫ የለበሱ ሰዎች እየሳቁ፣ አንዱ የሌላውን ስም እየጠራ ቁልቁል ይመጣሉ። ግራ ያዙ ተብለው ነበር፤ ግን አንድ አውቶብስ ከጎናቸው ሲወርድ ሁሉም እየተገፋ ወደ ቀኝ ጠርዝ ተጠግቷል። ከፊት እንቁላል ነው፤ ሄልሜቱ ሰፍቶት ወደ ጆሮው አዘንብሏል።

መሀንዲሷ አረንጓዴው መሃል ገብታ ቆመች። አንድ ጫማ እንዳደረገች፣ ሌላውን በእጇ እንደያዘች፣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ቁሙ ልትል ፈልጋ ድምፅ አልወጣትም። ይደርሱብኛል አለች በልቧ፤ ግን አልተነቃነቀችም።

«ፍሬን!» ብሎ አምባረቀ አባቷ ከኋላዋ። «ፍሬን ያዙ!»

አውቶብስ ሙሉ ሰው ያስቀምጥ የነበረ ድምፅ ነው። እንቁላል ሁለቱንም ፍሬን ጨብጦ ተንሸራተተ፤ ጎማው ከመሀንዲሷ ጉልበት አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ከኋላው ያሉት እርስ በርስ እየተደገፉ ቆሙ። የቢሮው ጸሐፊ ብቻ መቆም አቅቷት፣ እግሯን መሬት ለመሬት እየጎተተች በቀኝ በኩል አልፋ ሄደች። በሰው እርምጃ ፍጥነት እየሄደች ነበር፤ ቀጣዩ ክዳን ላይ ስትደርስ የፊት ጎማዋ በዘንጎቹ መሃል ሰመጠና ቀረ። መሪውን እንዳቀፈች በጎኗ ወደቀች። ብዙም አልተጎዳችም። ተነስታ ጎማውን ለማውጣት ጎተተች፤ አልወጣም። ሌላ ሰው አገዛት፤ አልወጣም። ያን ጊዜ ሳቁ ሁሉ ቆመ።

«ምን ሆነሻል?» አለ እንቁላል፤ ዓይኑ ግን ጎማው ላይ ነው።

«የመስመሩ ስፋት አንድ ሜትር ከሃያ ነው» አለች መሀንዲሷ። «የቦዩን ክዳን ደምሬ አንድ ሜትር ተኩል ነው ብዬ ፈረምኩ። ስህተት መሆኑን ካወቅሁ ሦስት ሳምንቴ ነው። ዝም አልኩ። ነገ አይመረቅም።»

እንቁላል ገረጣ። ስሙን እስክትጠራ እየጠበቀ እንደሆነ ገባት። አልጠራችውም፤ ፊርማው የእሷ ነው። እሱም ይህ ሲገባው ከብስክሌቱ ቀስ ብሎ ወረደ። «በእግራችሁ ግፉ» አለ ለሰዎቹ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ፣ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ትመጫለሽ። እኔም የምናገረው ይኖረኛል» አላት። ለእሷ ይሁን በእሷ ላይ አልተናገረም።

ሰዎቹ ብስክሌታቸውን እየገፉ አለፉ። አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ አለፈ፣ አንዳንዱ አፍጥጦ። ጋዜጣ ሻጯ ታክሲ ልታስቆም ወደ ማዶ ተሻገረች። መሀንዲሷ አባቷ አጠገብ ጠርዙ ላይ ተቀመጠች። ተጠግታ ሳይሆን ትንሽ ራቅ ብላ ነው። በእጇ የያዘችውን ጫማ አጠለቀች።

«ትፈሪያለሽ?» አላት እሱ ወደ መንገዱ እያየ።

«በጣም።»

«ሰኞንም?»

«ሰኞንም። ቅድም ስሮጥ ከፈራሁት ግን አይበልጥም።»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ፤ መልሱ የገባው ይመስላል። ታክሲው ጥግ ይዞ ቆመ። ክንዱን ይዛ ልታነሳው ስትል እምቢ አላለም፤ ክብደቱን ጣለባት። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ግን ቆመና ዞሮ ያልጨረሰውን ክዳን አየ።

«ያቺን ፒንሳ አንሺያት፣ ሚጣ» አለ። «የሰው ዕቃ ናት።»